መጠለያና አገር



የዱር እንስሳትን አጥር ውስጥ ማኖር ተገቢ ነውን? አንዳንዶች «ከጥይት ይድናሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ታዲያ ምን ጎደላቸው?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጨርሶ ይከልከል ባዮች ናቸው። በእኔ አስተያየት ዋናው ጥያቄ፣ ከገቡ በኋላ መመለሻ አላቸው ወይ የሚለው ነው።

የዓረብ ሳላን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጨረሻዎቹ የዱር ሳላዎች ኦማን ውስጥ በአዳኞች አለቁ። ሆኖም በአሜሪካ መካነ አራዊት የተዋለዱት በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ተመለሱ። ማቆያ ጠቀመ ማለት ይህ ነው። በረሃው በሚገባ ስላልተጠበቀ ግን በ1990ዎቹ አዳኞች እንደገና ተነሱባቸው።

የሰሜናዊው ነጭ አውራሪስ ዕጣ ደግሞ የከፋ ነው። ቀንዱን የሚፈልጉ አዳኞች በትውልድ ምድሩ ሲፈጁት፣ ጥቂቶች በቼክ መካነ አራዊት ቆዩ። በ2009 አራቱ ወደ ኬንያ፣ ወደ ኦል ፔጄታ መጡ። ነገሩ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሆነ። ሱዳን የተባለው የመጨረሻው ወንድ በ2018 ሲሞት የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ።

ሰውን ከአውሬ ማመሳሰሌ አይደለም። ነገር ግን መጠለያና አገር አንድ አለመሆናቸውን ከእኛ ይበልጥ ማን ያውቃል? ስለዚህ ለትርኢት ብቻ እንስሳ አይታሰር። ነፍሱን ለማዳን የገባም ቢሆን ጫካው አብሮ ይጠበቅለት፤ መመለሻ ከሌለው ግማሹ ብቻ ነው የዳነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየክፍላችሁ ተከራከሩበት።