ፊቷ የእሷ፣ ጽሑፉ የማን?

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ የሴት ፊት ያልተሳለበት ዋና መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አየር ጤና ድረስ የውበት ሳሎኑ ሹሩባ የተሠራችውን፣ የሙሽራ ልብስ አከራዩ ቬሎ የለበሰችውን፣ ባልትና ቤቱ ነጠላ ያጣፋችውን በሰሌዳው ላይ ስሏል። ከፊቷ ጎን ጽሑፍ አለ፤ የድርጅቱ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የአገልግሎቱ ዝርዝር። በዚያው መንገድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ደግሞ ቀና ሲል ስለ ሴት የተጻፈ ጥቅስ ያነባል፤ ብዙውን ጊዜ በገንዘብ ወዳድነቷ የሚያላግጥ። ፊቷ ሰሌዳው ላይ፣ ነገሯ ታክሲው ውስጥ ተለጥፏል፤ እሷን የጠየቀ ግን የለም።

አንድ ሠዓሊ የሴትን ምስልና ጽሑፍን በአንድ ሸራ ላይ አዋሕዶ የሴቶችን ጥያቄ ላንሳ ሲል “ይኼ ደግሞ የፈረንጅ ፋሽን ነው” የሚል አይጠፋም። ሴታዊነት የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን የሚያጨፈግገውም ብዙ ነው። ሆኖም ፊትንና ፊደልን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የዚህ አገር ሥዕል ነባር ጠባይ ነው። አዲስ የሚሆነው ጽሑፉን ባለ ፊቷ ራሷ ስትጽፈው ነው፤ ክርክሩም መሆን ያለበት እዚህ ላይ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ከሐዲው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከራሱ በላይ ወይም ከእግሩ ሥር ማንነቱ ይጻፋል። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከታች ተደፍቶ ሲታይ ስሙና ልመናው አብሮት ይሰፍራል። ጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት፣ ራሷ ባሠራችው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። በ18ኛው መቶ ዘመን አገር ያስተዳደረች፣ ልጇን አንግሣ አብራው የነገሠች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ምስል ትሕትናም ነው፣ ፊርማም ነው፤ ይህን ያሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ያውቃል። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም በምላጭ ይፋቅና የአዲሱ ይተካል፤ ሥዕሉ ግን እንዳለ ይቀራል። ፊት ሳይነካ ባለቤቱን መቀየር ይቻላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1672 የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስም አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ የታገለችው መነኩሲት ሕይወት በአንዳንዱ ቅጂ በሥዕልና በመግለጫ ጽሑፍ ተተርኳል። ጸሐፊው ግን ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው። ታሪኳን ያወቀው ከማኅበሯ አባላት አፍ ሰምቶ ቢሆንም ብዕሩ በእሱ እጅ ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያነጋግረው የንግሥተ ሳባ፣ የማክዳ ሥዕል ነው። ባለፈው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ ለአገሬውም ለጎብኚውም ሲሸጥ የኖረው፣ በአቡጀዲ ላይ በትናንሽ ሳጥን የተከፋፈለው፣ ብዙውን ጊዜ 44 ክፍል ያለው ሥዕል። በእያንዳንዱ ሳጥን ሥር በአማርኛ አጭር ጽሑፍ አለ። ማክዳ ስትነግሥ፣ ማክዳ ስትጓዝ፣ ማክዳ ግብር ስትበላ እያለ ይቀጥላል። ሰሎሞን ጨውና ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ፣ ሳያስፈቅዱኝ ከቤቴ አንዳች ነገር እንዳይነኩ ብሎ አስምሎ፣ ውኃ ከአልጋው አጠገብ አስቀምጦ የሚጠብቅበትን ሳጥን ያላየ የለም። ሌሊት ጠምቷት ስትነሳ እጇን ይይዛታል። “መሐላሽን አፈረስሽ” ይላታል፤ የሚቀጥለው ሳጥን የታወቀ ነው።

ተመልካች እዚያ ሲደርስ ፈገግ ይላል፤ የንጉሡን ብልሃት ያደንቃል። ፈገግ የሚያሰኘው ሥዕሉ ነው ወይስ ጽሑፉ? ጽሑፉን ሸፍኖ ምስሉን ብቻ የሚያይ ሰው በውድቅት ሌሊት እጇን የተያዘች እንግዳ ነው የሚያየው። ነገሩን የመሐላ ማፍረስ ክስ ያደረገው ከሥር ያለው መስመር ነው። የማክዳ ገረድ ደግሞ አለች። እሷም ያንኑ ምግብ በልታ፣ ያንኑ ውኃ ጠጥታ፣ ያው ነገር ደርሶባት ልጅ ትወልዳለች፤ የዛጉዌ ነገሥታትን ዘር ከእሷ የሚስብ አፈ ታሪክም አለ። በሥዕሉ ላይ ፊት ተሰጥቷታል፤ በጽሑፉ ግን ገረድ ናት እንጂ ስም የላትም። ዛሬ አንዲት ወጣት ሠዓሊ እነዚያኑ 44 ሳጥኖች እንደገና ስላ ጽሑፉን በማክዳና በገረዲቱ አንደበት ብትጽፈው የቅርስ መድፈር ነው የሚል ይነሳባት ይሆናል። ይህ ጸሐፊ ግን ከሚመጡት ዓመታት አውደ ርዕዮች ሁሉ ያንን ለማየት ቢሰለፍ ይወዳል።

የሥዕል ጽሑፍ ይህን ያህል ማስጨነቁ ለምንድን ነው? የሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚገባው በሥዕል ቤት በኩል ብቻ ስላልሆነ ነው። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለውን ማንም በትምህርት ቤት አላጠናውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ወጥ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ብትከራከረው እያለ። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ይገባታል ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 በመቶ ነበሩ። በራስ ላይ የተፈረደን ፍርድ በራስ አፍ መድገም ማለት ይህ ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን ከፊቷ ሥር እያነበበች ያደገች ሴት ጽሑፉን የራሷ አድርጋ ብትቀበለው አይገርምም።

በዘመናዊው ሥዕላችን ፊትና ፊደል ተለያይተው ነው የኖሩት። እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ የተወለደው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የአማርኛን ፊደል አንስቶ በሸራ ላይ አስጨፍሮታል፤ ተዘርግቶ፣ ተሰብሮ፣ ተገልብጦ የሚታይ ፊደል ነው እንጂ የሚነበብ አይደለም። ታደሰ መስፍን በበኩሉ የጉሊት ሴቶችን እንደ ዓምድ አቁሞ ይስላቸዋል፤ ለተከታታይ ሥራው የሰጠው ስምም የሕይወት ምሰሶዎች የሚል ነው። ክብራቸው ከሩቅ ይታያል፤ የትኛዋ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትል ግን ሸራው አይነግረንም። ሁለቱም አንጋፎች ናቸው፤ ነቀፋም አይደለም። በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ ባዶ ቦታ አለ።

ያንን ቦታ በውጭ የሞሉት አሉ። ኢራናዊቷ ሺሪን ነሻት እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሠራቻቸው ፎቶግራፎች በሴቶች ፊትና እጅ ላይ የፋርስ ጽሑፍ አስፍራለች፤ ፋርስኛ የማያውቀው ጌጥ መስሎት ያልፋል፣ የሚያውቀው ግን የሴት ገጣሚን ቃል ያነባል። አሜሪካዊቷ ባርባራ ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1989 ለዋሽንግተኑ የሴቶች ሰልፍ ለሁለት በተከፈለ የሴት ፊት ላይ ሰውነትሽ የጦር ሜዳ ነው የሚል ጽሑፍ አትማ በየግድግዳው ለጥፋለች።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የሕሊና መታፈሪያ ሥራ ነው። በአሜሪካ የተወለደችው ይህች የኢትዮጵያውያን ልጅ የመብት ታጋይ የሆኑ ሴቶችን ሰብስባ ትወያያለች፤ ከዚያ ምስላቸውን ትወስድና በራሳቸው ላይ ትልቅ ዘውድ ታሳርፋለች። ዘውዱ የተሠራው ከወርቅ አይደለም፤ ከቀድሞ የትግል ጋዜጦች፣ ከሰልፍ ፎቶዎችና ከበራሪ ወረቀቶች ቁራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በ2023 ደግሞ በሻርጃ ቢየናሌ ሥራዋ ታይቷል። እናቷ ዶክተር ማይገነት ሽፈራው በስደት ሆነው ለኢትዮጵያውያን ሴቶች መብት የታገሉ ሰው ነበሩ። የሕሊና ብልሃት ውይይቱ ከምስሉ መቅደሙ ነው፤ ሴትየዋ ተናግራ ነው የምትታየው።

እንግዲህ ይህ ወደ ኮልፌ ሲመጣ ምን ይመስላል? በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሚጀምረው የ16 ቀናት ዘመቻ የሚሰቀለውን ባነር እንዳይመስል ብቻ! ጥቃትን በጋራ እንከላከል የሚል መፈክር በቆንጆ ፊት ሥር ማስፈር የሳሎኑን ሰሌዳ በሌላ ቀለም መድገም ነው። ጽሑፉ ከኮሚቴ ሳይሆን ከሴቶቹ እጅ ከተፈለገ በየቤቱ ሞልቷል። የጉሊት ነጋዴዋ የዱቤ ደብተር አለ፤ ማን ስንት እንዳልከፈላት በራሷ ምልክት የያዘችበት። የዕቁቡ ዝርዝር አለ። ለፍርድ ቤት የቀረበ አቤቱታም አለ፤ ይሄኛው በተለይ ለሠዓሊ ሀብት ነው። ሴትየዋ በራፍ ላይ ለተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ አልቅሳ የነገረችው ነገር “ተከሳሽ ባለቤቴ በተደጋጋሚ በደል ስላደረሰብኝ” ወደሚል አንድ መስመር ተጨምቆ ይወጣል። የተናገረችውንና የተጻፈላትን በአንድ ሸራ ላይ፣ ከፊቷ ግራና ቀኝ ማስፈር ብቻውን አንድ አውደ ርዕይ ይሞላል።

ኮልፌ የሚታወሱ ፊቶች አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ እዚህ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱን የአካባቢው ሰው በኩራት ያወራል፤ ማንዴላም በግለ ታሪኩ ጽፎታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ማታ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሲደረመስ ያለቁት ከ110 በላይ ሰዎች ግን በአብዛኛው የሚነሱት በቁጥር ነው። የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ከቆሻሻው ሥር በላስቲክና በጭቃ ቤት ልጅ የሚያሳድጉ። ቤተሰቦቻቸው ፈቅደው፣ ፎቶ አውጥተው፣ ስለ እናታቸው ወይም ስለ እህታቸው የሚያስታውሱትን በራሳቸው ቃል ቢሰጡ የአካባቢው ሠዓሊዎች የሚሠሩት ሥራ ከየትኛውም ሐውልት ይልቅ ይናገራል።

የማንበብ ጉዳይ አለ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገሪቱ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ 69። አዲስ አበባ የተሻለች ብትሆንም ስለ እሷ የተጻፈውን የማታነብ ባለ ምስል ትኖራለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ይህን ችግር አውቆት ነበር፤ ካህኑ በዘንግ እያመለከተ ያነባል፣ ምእመኑ ይሰማል። በወረዳ አዳራሽ ወይም በወጣት ማዕከል ሥዕሉ ሲከፈት ልጇ ወይም ጎረቤቷ ጮክ ብላ ብታነብላት ነገሩ ከማዕከለ ስዕላት ጸጥታ ይሻላል። እየሰማች “እንዲህ አላልኩም” ካለች ደግሞ ሠዓሊው ብሩሹን ይዞ እዚያው ያርመው።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ግን አለ፤ ፊትና ምስጢር አንድ ላይ ሲወጡ አደጋ አላቸው። የተደፈረች ሴት ታሪኳ ከነፊቷ ሰፈሯ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ነገ ጠዋት ታክሲ ተራ የሚጠብቃት ያው የሰፈሩ ወንድ ነው። ሴታዊት የተባለው እንቅስቃሴ “ምን ለብሳ ነበር” በሚል ባዘጋጀው አውደ ርዕይ ይህን የፈታው ፊቱን ጨርሶ በመተው ነው፤ ልብስና ታሪክ ብቻ አቀረበ። ሠዓሊም አንዳንዴ ከሁለቱ አንዱን መተው አለበት፤ የትኛውን እንደሚተው መወሰን ግን የእሱ አይደለም።

ለዚህ ቃል ብቻ አይበቃም፣ ውል ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይላል። ፊቷ በዚህ ተጠብቋል። ቃሏ የሚጠበቀው ደግሞ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ጽሑፉ የእሷ ከሆነ እሷም የሥራው አመንጪ ናት። ሥዕሉ ሲሸጥ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ፣ በካታሎጉ ላይ ስሟ የት እንደሚሰፍር፣ ነገ ሐሳቧን ብትለውጥ ጽሑፉ የሚነሳበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ቀለም ከመበጥበጡ በፊት መጻፍ አለበት፤ በሁለት ቅጂ፣ አንዱ ከእሷ ዘንድ።