ውሃው ስንት ክንድ ነው?

በእንግሊዝ ቦዮች ዳር ቅዳሜና እሑድ ዘንግ ይዘው ከሚቀመጡት መካከል አልፎ አልፎ የእኛም ሰዎች ይታያሉ። ጠዋት ሄደው ማታ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ የሚሰጡት ምክንያት አንድ ነው፤ «ዛሬ ዓሣው የለም»። ዓሣው ብዙ ጊዜ አለ። የሌለው ልኬቱ ነው። ትሉ ከዓሣው ራስ በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ብሪምና ቴንች የሚባሉት ዓሦች ደግሞ አፋቸውን ጭቃው ውስጥ ቀብረው ምሳቸውን ይለቅማሉ። እንደተላለፉ ይመሻል።

ስለዚህ መንጠቆው ላይ ትል ከመሰካቱ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። መሣሪያው ግንበኛ ግድግዳው መቅናቱን የሚያይበት የቱንቢ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ ከላይ ቀለበት ከታች ቡሽ ያላት ቁራጭ ብረት። መንጠቆው በቀለበቱ ያልፍና ጫፉ ቡሹ ላይ ይሰካል። ዋናው ነገር ቱንቢዋ ውሃ ላይ ቆሞ የዓሣውን መንካት የሚነግረንን ተንሳፋፊ ጎትታ ለማስጠም የምትችል መሆኗ ነው።

ሊያጠምዱበት ባሰቡት ቦታ ላይ በቀስታ ያውርዷት። ወንጭፍ እንደያዘ እረኛ ከወረወሯት ዓሣው ሁሉ ይበተናል። ተንሳፋፊው ከነጫፉ ከሰጠመ ውሃው ከገመቱት በላይ ጥልቅ ነው፤ ክሩ ላይ ወደ ዘንጉ በኩል ይግፉት። አንገቱን ብዙ ካወጣ ወይም ጋደም ካለ ክሩ ረዝሟል፤ ወደ መንጠቆው ይመልሱት። ሲያጠምዱ ሊያዩት የሚፈልጉት ጫፍ ብቻ ብቅ ሲል ልኩ ተገኘ። ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ አይቀርም። (ዳር ቆሞ ጥልቀትን በአፍ መለካት ለስብሰባዎቻችን ይቆየን።)

ቱንቢም ብትሆን ትዋሻለች። ነፋስ ወይም ወራጅ ውሃ ክሩን ካጋደለው፣ ሰያፉ ከቀጥታው ስለሚረዝም ውሃው ከእውነተኛው ልክ በላይ ጥልቅ መስሎ ይታያል። ወለሉ ለስላሳ ደለል ከሆነ ደግሞ ከባድ ቱንቢ ትሰምጥበታለች፤ እርስዎ የለኩት ዓሣው የሚበላበትን ወለል ሳይሆን ከጭቃው ሥር ያለውን ነው። እዚህ ላይ ቀለል ያለችውን መጠቀም ይበጃል።

አንድ ቦታ ለክቶ መቀመጥ ግማሽ ሥራ ነው። የቦይ ወለል እንደ ገንዳ ጠፍጣፋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1820 የተጠናቀቀው የለንደኑ ሪጀንት ቦይም ሆነ ሌሎቹ የተቆፈሩት ዕቃ ጫኝ ጀልባ እንዲያልፍባቸው ነው፤ ስለዚህ ዳርና ዳሩ ከፍ፣ ጀልባው የሚሄድበት መሐሉ ዝቅ ያለ ነው። ከዳሩ ወደ መሐሉ የሚወርደው ቁልቁለት ግርጌ ምግብ ተንከባሎ የሚጠራቀምበት ነውና ዓሣው እዚያ ይመላለሳል። ቱንቢዋን ስንዝር በስንዝር ወደ ፊትም ወደ ጎንም እያዛወሩ ይህን መስመር መፈለግ ነው። ጣና ላይ ታንኳውን በረጅም ዘንግ የሚገፋ ሰው ወለሉን በእጁ ያነበዋል፤ የእኛ እጅ ግን እዚያ አይደርስም።

ልኩ ሲገኝ መንጠቆውን ከዘንጉ መያዣ ጫፍ ላይ አስይዘው፣ ተንሳፋፊው የደረሰበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ክሩ ቢበጠስ ውሃውን ዳግመኛ መረበሽ አያስፈልግም። ለብሪምና ለቴንች ትሉ ወለሉ ላይ እንዲተኛ ከልኩ አራት ጣት ያህል ይጨምሩ። ሮች የተባለው ብር መሳይ ዓሣ በሙቀት ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚበላ፣ ለእሱ መቀነስ ነው። ጀልባ በሎኩ በር ባለፈ ቁጥር የቦዩ ውሃ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል ደግሞ መለካት ደግ ነው። በቴምዝ ወንዝ ከቴዲንግተን በታች ግን ምልክቱ ለአንድ ሰዓት እንኳ አያገለግልም፤ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ለንደን ድልድይ አጠገብ ውሃው እስከ 7 ሜትር ድረስ ይወጣል ይወርዳል።

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገኘች የእርሳስ ቱንቢ ካለችዎ ቤት ትቀመጥ። ዝዬዎች እየዋጡት ስለሚሞቱ፣ ከ0.06 እስከ 28.35 ግራም የሚመዝን የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ተከልክሏል። ዕድሜው 13 የሞላ ሁሉ የመንግሥት ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ያለዚያ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ነው። በወንዞች ላይ እነዚህን ዓሦች ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ማጥመድ ክልክል ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ቦዮች ግን እገዳው እ.ኤ.አ. በ2000 ተነስቷል። የተያዘውም ዓሣ ተመልሶ ወደ ውሃው ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትተን፣ ለወጥ ያሰበ ሰው ግን ዓሣ ነጋዴው ጋ ጎራ ይበል።