ልብ የወለዳት ልጅ

«ተታለልን!» ይላሉ ጓደኞቻችን። ፍራንስዋ ኦዞን በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ስዊሚንግ ፑል» አይተው ያነሡት ጩኸት ነው። ለመሆኑ ማን አታለላቸው?

እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሳራ ሞርተን ብዕሯ ይነጥፍባትና ደቡብ ፈረንሳይ ወዳለው የአሳታሚዋ ቤት ትሄዳለች። ጁሊ የምትባል ኮረዳ «ልጁ ነኝ» ብላ ትመጣባታለች፤ ይነታረካሉ፤ ሰው ይገደላል፤ ይቀበራል። በመጨረሻ ግን ለንደን ላይ የአሳታሚው ልጅ ብቅ ስትል ጥርሷን በሽቦ ያሳሰረች ሌላ ልጅ ናት። ያችኛዋስ? መልስ የለም።

«እንግዲያው ሁሉም ውሸት፣ የከበርቴ ቅዠት ነው» ይሉናል። ቆይ እንጂ! ልብ ወለድ ያልነው እኮ ልብ የወለደውን ነው። እንዲህ ከሆነ መጽሐፍስ ለምን እናነባለን?

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ሳራ የልጅቷን ማስታወሻ ደብተር ሰርቃ ታነባለች፤ ሬሳ ሲቀበር አብራ ትቆፍራለች፤ ያንን ሁሉ መጽሐፍ ታደርገዋለች። ጁሊ ካለች ደራሲዋ ሌባ ናት። ከሌለች ግን የዘረፈችው የገዛ ራሷን ነው፦ የደበቀችውን ምኞት፣ ቅናቷን፣ ቁጣዋን። ከኛ መካከል ይህን የደፈረ ማነው? የጎረቤት ኀዘን እየለቀምን «እውነታ» እንለዋለን እንጂ።

ደግሞ በትንሽ ነገር ነው የተሠራው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ገንዳ፣ ጥቂት ተዋንያን፤ የቀረውን የሻርሎት ራምፕሊንግ ፊት ይሠራዋል። «ፍጻሜው አልገባንም» ያላችሁ እስቲ ድገሙት፤ ዓይናችሁን ከጁሊ ላይ አንሡና ሳራ መጻፍ የምትጀምረው መቼ እንደሆነ እዩ።