“የብርሃነ መስቀል ሚስት” ብቻ?

ዘጌ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቡና፣ ገዳምና የጀልባ ጉዞ ነው። እኛ ግን ዛሬ ዘጌን የምናነሳው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ተወልዳ የአፄ ሱስንዮስ ሹም የነበረውን መልክአ ክርስቶስን አገባች። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲዞሩ ባሏ ከንጉሡ ጎን ቆመ። እሷ ባሏንም ቤቷንም ጥላ ወጣች። በንጉሥ ፊት ተከሰሰች፣ ተጋዘች፣ ግን አልተመለሰችም። በጣና ዙሪያ ካቋቋመቻቸው ማኅበራት አንዱ እዚሁ ዘጌ ነበር። ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ ገድሏ ተጻፈ። ዛሬ መልክአ ክርስቶስ ማን እንደነበር የሚያውቅ የባሕር ዳር ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! የሚታወቅ ከሆነም የሚታወቀው “የወለተ ጴጥሮስ ባል” ተብሎ ነው።

ይህን ያነሳነው ገድል ልንተርክ አይደለም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣውና “ሴቶችን ነፃ እናወጣለን” ያለው የግራ ፖለቲካችን፣ ሴቶቹን በምን ስም እንደሚያስታውሳቸው ስላሳሰበን ነው።

ነሐሴ 1961 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በሰባት ተማሪዎች ተጠልፎ ካርቱም አረፈ። ከጠላፊዎቹ ዋናው ብርሃነ መስቀል ረዳ ነበር። ሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ በኋላ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት ሲመሠረት ዋና ጸሐፊው እሱ ሆነ። ከዚያ በከተማው የትጥቅ ትግል ጉዳይ ከጓዶቹ ጋር ተጣልቶ ከአመራሩ ወጣ፣ “አንጃ” ተባለ፣ ወደ ሰሜን ሸዋ ሄደ፣ ደርግ ያዘው፣ በ1971 ዓ.ም. ገደለው። ይህን ሁሉ በቃላችን እናውቀዋለን። በየሻይ ቤቱ ስለ እሱ ስንከራከር ያመሸንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ታደለች ኃይለ ሚካኤልስ? ሲነሱ የምንሰማው “ባለቤቱ” ተብለው ነው። ያውም በአንድ መስመር። እሳቸው ግን የባላቸውን ስንቅ ይዘው የተከተሉ ሴት ብቻ አይደሉም፤ በዚያው ትግል ውስጥ የነበሩ ፖለቲከኛ ናቸው። ባላቸው ሲገደል እሳቸው እስር ቤት ቀሩ፤ ከአሥር ዓመት በላይ። አስቡት እንግዲህ፣ አንድ ሰው ሃያዎቹን ወይ ሠላሳዎቹን እዚያ ሲጨርስ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያም በፈረንሳይ የኢትዮጵያ አምባሳደር። በስተመጨረሻም “ዳኛው ማነው” የሚል መጽሐፍ በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው አንደበት ጻፉ።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የጀርመን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ የነበረውን ኤርነስት ቴልማንን ናዚዎች በመጋቢት 1933 እ.ኤ.አ. አሰሩት። አሥራ አንድ ዓመት ለብቻው አቆይተው በ1944 ቡኸንቫልድ ላይ ረሸኑት። ሚስቱ ሮዛ በእነዚያ ዓመታት እስር ቤት እየተመላለሰች መልእክት ታወጣ ታስገባ ነበር። በ1944 እሷንም ልጇንም ያዟቸውና ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ ተላከች። ተረፈች። ምሥራቅ ጀርመን ከ1950 ጀምሮ እስከሞተችበት 1962 ድረስ የፓርላማ ወንበር ሰጠቻት። የሕፃናቱ ድርጅት፣ አደባባዩ፣ ፋብሪካው ግን በባሏ ስም ነበር የሚጠራው። እሷ በየመድረኩ ፊት ለፊት የምትቀመጥ የጀግና መበለት ሆነች። ክብር ነው፤ አንክድም። ግን ምን ታስብ እንደነበር የጠየቃት ስንት ነው?

እዚህ ላይ አንድ ወዳጃችን ያቋርጠናል፦ “ቆይ! ኢሕአፓ ከኢሕአዴግ ጋር የተዋጋ፣ በ1983ቱ የሽግግር ጉባኤ ያልተጋበዘ ድርጅት አይደለም እንዴ? እሳቸው እዚያ መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር መሆናቸውን ምን ትሉታላችሁ?” ጥሩ ጥያቄ ነው። ደስም አለን። ምክንያቱም “የብርሃነ መስቀል ሚስት” ለሆነች ሴት ይህ ጥያቄ አይቀርብም። ለመበለት ይታዘንላታል፣ ይለቀስላታል፣ ከዚያ ትረሳለች። ለፖለቲከኛ ግን “ለምን እንዲህ ወሰንሽ?” ይባላል። ከእስር ወጥቶ፣ የገዛ ባሉን “አንጃ” ካለውና ከገደለው ዘመን ፍርስራሽ ላይ ቆሞ፣ የሴቶች ፖሊሲ የሚቀረጽበት ቢሮ መግባት ውሳኔ ነው። ልክ ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሴቶች ብሔራዊ ፖሊሲ የወጣው በዚያው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ተግባሩ ከወረቀቱ ምን ያህል ራቀ የሚለውም ሌላ ክርክር ነው፤ እህቶቻችን ከእኛ የተሻለ ያወሩበታል።

እኛን የሚያናድደን ሌላ ነው። ስለ “ያ ትውልድ” የወጡ መጻሕፍት መደርደሪያ ይሞላሉ። የከፈቱትን ገጽ ሁሉ ወንዶቹ ይወቃቀሱበታል፦ ማን ማንን ከዳ፣ ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ ማን መግለጫውን ጻፈ። ወረቀቱን ያባዛችው፣ የተደበቀውን ያበላችው፣ ቤቱን የተከራየችው፣ ተይዛ የተገረፈችው አብዛኛውን ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ ናት። አንዳንዴም ስም የላትም፤ “የእገሌ እህት” ወይም “አንዲት ጓድ” ናት። እነ ማርታ መብራህቱ እንኳ በስማቸው የሚነሱት በ1965ቱ የጠለፋ ሙከራ አውሮፕላን ውስጥ ስለሞቱ ነው። ለሴት ስሟን ለማስጠራት የግድ መሞት አለባት ማለት ነው?

ስለ ሚኒስትርነቱ ጉዳይ እኛ ራሳችን ለሁለት ተከፍለናል። ግማሾቻችን “መግባት አልነበረባቸውም” እንላለን፤ ግማሾቻችን “ከእስር ቤት ወጥተው ቤት ቢቀመጡ ማን ተጠቀመ?” እንላለን። አልታረቅንም። መጽሐፉን ተራ እየጠበቅን ነው የምናነበው፤ ባለፈው ሳምንት የወሰደው ሰው ደግሞ እስካሁን አልመለሰም።