የገዛነው ሶኬት ጌታው ማን ነው?



ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ማኅበራችን ለጥበቃ ቤቱ፣ ለመሰብሰቢያ አዳራሹና ለግቢው የማታ መብራቶች ከስልክ የሚታዘዙ ስማርት ሶኬቶች ለመግዛት አስቧል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ መብራት እስከ ረፋድ በከንቱ እየበራ ቆጣሪ እንዳይቆጥርብን ያደርጋል። ክርክሩ በግዢው ላይ አይደለም። አንዳንድ ወጣቶቻችን «ሶኬቶቹን ከፍተን በውስጣቸው ያለውን ፕሮግራም እንለውጥ» አሉ። ይህን የሰሙ ወገኖች ደግሞ «የታሸገ ዕቃ መክፈት ማበላሸት ነው፤ የከፈተ ይቀጣ» እስከ ማለት ደረሱ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለድምፅ ስለሚቀርብ፣ እጅ ከማውጣታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ መነጋገር ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ፕሮግራሙን ልንለውጠው የማንችለው ሶኬት የኛ አይደለም። ገንዘቡን እኛ ከፈልን እንጂ ጌታው ሌላ ነው። ስለዚህ መከልከል ያለበት መክፈቱ ሳይሆን ያለ ሥርዓት መክፈቱ ነው።

ለመሆኑ ስማርት ሶኬት ምንድን ነው? ተአምር አይደለም። ክዳኑ ሲነሣ የሚታየው ጥቂት ነገር ነው፦ የ220 ቮልቱን ኃይል ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ክፍል፣ ኃይሉን የሚቆርጥና የሚቀጥል ሪሌይ፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጠቋሚ መብራት፣ እና ዋይፋይ ያለው ቺፕ። ብዙ ርካሽ ሶኬቶች ለዓመታት የተሠሩት ኢስፕሬሲፍ የተባለው የሻንጋይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ባዋለው ኢኤስፒ8266 በሚባል ቺፕ ነበር። ቺፑ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ የተጻፈለትን ብቻ ይሠራል። ይህን በቺፑ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ባለሙያዎቹ ፈርምዌር ይሉታል። የሶኬቱን ጠባይ የሚወስነው እሱ ነው እንጂ በካርቶኑ ላይ የታተመው ስም አይደለም። እንዲያውም በካርቶን ስማቸው የሚለያይ ብዙ ሶኬቶች ፕሮግራማቸውና ሰርቨራቸው አንድ ነው፤ ቱያ የተባለው የሃንግጆ ከተማ ኩባንያ ያቀርብላቸዋል፣ ሻጮቹ ስማቸውን ይለጥፉበታል።

አሁን የትእዛዙን መንገድ ተመልከቱ። አዳራሹ ውስጥ ቆመን መብራቱን ለማጥፋት ስልካችንን ስንነካ፣ ትእዛዙ በተለመደው አሠራር ወደ ራውተር፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኩባንያው ሰርቨር፣ ከዚያ ተመልሶ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ወዳለው ሶኬት ይመጣል። የቤታችንን መብራት ለማጥፋት ባሕር ማዶ ፈቃድ እንጠይቃለን ማለት ነው።

«እሺ ይዙር፤ ምን ቸገረን? በሴኮንድ ይደርስ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የሚቸግረን በሦስት በኩል ነው።

አንደኛ፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱን የማያስታውስ በመካከላችን የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ በሩቅ ሰርቨር የሚታዘዝ ሶኬት የሚቀረው በጣት የሚጫነው ቁልፉ ብቻ ነው። አዲስ ሶኬት ለመመዝገብማ ጨርሶ አይታሰብም። ለቁልፉ ከሆነ ያለ ስማርቱስ ተራው መቼ አነሰን?

ሁለተኛ፣ ኩባንያ ይዘጋል፤ ሐሳቡንም ይለውጣል። ሪቮልቭ የተባለውን የቤት መቆጣጠሪያ አሜሪካውያን በ300 ዶላር ገዝተውት ነበር። ድርጅቱን ኔስት የተባለ ኩባንያ ከጠቀለለው በኋላ እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ዕቃውም ባለበት ድንጋይ ሆኖ ቀረ። የኢንስቲዮን ሰርቨሮች እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2022 ደንበኛው ሳይነገረው ጠፉ። ቤልኪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ባወጣው ማስታወቂያ፣ ዊሞ በሚል ስም የሸጣቸውን አብዛኞቹን ሶኬቶችና ማብሪያዎች ከጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ጀምሮ በሰርቨር ማገልገሉን እንደሚያቆም ገለጸ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ዕቃዎች አልተቃጠሉም፣ አላረጁም። ሪሌያቸው ደህና፣ ቺፓቸው ደህና ነበር። የሞተው ሩቅ ያለው ጌታቸው ነው። ታላላቆቹ እንዲህ ካደረጉ፣ ስሙን ዛሬ ያየነው ነገ የማናገኘው ርካሽ ካርቶን ምን ዋስትና ይሰጠናል?

ሦስተኛ፣ ሶኬት ያያል። ዓይን ባይኖረውም የቤታችን መብራት መቼ እንደሚበራ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ቤቱ ስንት ቀን ጨለማ እንደ ነበረ መዝግቦ ይልካል። ጎረቤታችን በየማታው መስኮታችን ሥር ቆሞ ይህን ቢጽፍ ዝም እንለዋለን እንዴ? በዚያ ላይ ዋይፋይ ያለው የተናቀ ዕቃ ለሌባም መግቢያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ማይራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና የመሳሰሉትን ዕቃዎች በብዛት ማርኮ፣ በጥቅምት ወር ዳይን የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት በማጨናነቁ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። ባለካሜራዎቹ ግን ዕቃቸው ለጥፋት መዝመቱን አላወቁም።

መድኃኒቱ አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ቴዎ አሬንድስ የተባለ ሆላንዳዊ የጀመረው፣ ዛሬ ብዙ ሰዎች በነፃ የሚያሻሽሉት ታስሞታ የሚባል ፈርምዌር አለ። የፋብሪካው ፕሮግራም ከቺፑ ላይ ተሰርዞ ታስሞታ ሲጻፍበት ሶኬቱ ለሩቅ ሰርቨር መታዘዙን ይተዋል። ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም፣ የግቢያችን ራውተር እስከ በራ ድረስ ከስልካችን በቀጥታ ይታዘዛል። 16 የማብሪያና የማጥፊያ ሰዓቶች ይይዛል። ለኛ አገር ከሁሉም የሚጠቅመው ደግሞ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሶኬቱ ጠፍቶ ይቆይ ወይስ በርቶ የሚለውን እኛው መወሰናችን ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ቃል ልመለስ።

«አደገኛ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን አደጋው የት እንዳለ አያውቁትም። በብዙ ርካሽ ሶኬቶች ውስጥ የ3.3 ቮልቱ ክፍል ከ220 ቮልቱ የተነጠለ አይደለም። ስለዚህ ሶኬቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ሳለ የኮምፒውተር ሽቦ ያገናኘበት ሰው፣ ኮምፒውተሩንም ራሱንም ከመሥመሩ ጋር አገናኘ ማለት ነው። ይህ ይገድላል። ትክክለኛው አሠራር ይኸውላችሁ፦ ሶኬቱ ከግድግዳ ይነቀላል፤ እስኪዘጋም አይመለስም። ቺፑ ኃይል የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ከሚገናኝ፣ በ3.3 ቮልት ላይ ከተደረገ ትንሽ መለወጫ ብቻ ነው፤ 5 ቮልት ቺፑን ያበላሻል። አራት ሽቦ ይበቃል፦ ኃይል፣ ግራውንድ፣ መላኪያና መቀበያ፤ የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ይጋጠማል። በኢኤስፒ8266 ላይ ጂፒአይኦ 0 የሚባለው እግር ኃይል ሲገባ ከግራውንድ ጋር ከተነካ ቺፑ ለመጻፍ ዝግጁ ይሆናል። በቅድሚያ የፋብሪካው ፕሮግራም ቅጂ ይወሰዳል፤ ከዚያ ይሰረዛል፤ ከዚያ አዲሱ ይጻፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው የሚሠራው ሥራ ምጣድ ከሚጠግነው ኤሌክትሪሻን ሥራ አይብስም። የማያውቅ ደግሞ ካቻቢቴም አይንካ።

«ዋስትናው ይጠፋል፣ ዕቃውም ሊበላሽ ይችላል» ይላሉ። አዎን፣ አንዳንዱ ሊበላሽ ይችላል፤ ክዳኑ በማጣበቂያ የታሸገውማ ሲከፈት ይሰነጠቃል። ነገር ግን ከመንገድ ዳር የተገዛን ርካሽ ሶኬት ዋስትና ይዞ ሄዶ ያስለወጠ ነዋሪ ካለ እጁን ያውጣ። የሌለንን ነገር እናጣለን ብለን አንፍራ።

«ርካሽ ነው፤ ሲያስቸግር ይጣላል» ይላሉ። ርካሽ የሆነው ለአንዱ ነው። ማኅበሩ የሚገዛው ብዙ ነው፤ ገንዘቡም ከየቤታችን መዋጮ የወጣ ነው። ደህና ሪሌይና ደህና ቺፕ ያለው ዕቃ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው ሰርቨር ስለ ዘጋ ብቻ ለምን ቆሻሻ ይሆናል?

«ከኩባንያው አውጥተን ለልጆቹ ልንሰጠው ነው ወይ?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም የማከብረውም ይህን ነው። የሩቁን ጌታ በቅርብ ጌታ መለወጥ ነፃነት አይደለም። መልሱ ግን መከልከል ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ የይለፍ ቃሉ የማኅበሩ ይሁን እንጂ የማንም ወጣት የግሉ አይሁን።

ወጣቶቹንም በዝምታ አላልፍም። ጎበዞች ናችሁ፤ ግን አንዳንዶቻችሁ ፕሮግራም መለወጥ ሽቦ የሚያወፍር ይመስላችኋል። በ10 አምፔር የተሠራ ሶኬት በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው፤ 16 አምፔር የተባለው እንኳ 3,520 ዋት ነው፤ ያውም የተጻፈበት እውነት ከሆነ። ብዙው የእንጀራ ምጣዳችን ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ለረጅም ሰዓትም ይሠራል። ምጣድ በእነዚህ ሶኬቶች ላይ ፈጽሞ አይሰካም። ወደ ሮቶው ውሃ የሚገፋው ፓምፕም ሲነሣ ከተጻፈበት በላይ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ያለ ኮንታክተር በቀጥታ አይሰካም። ሳይቃጠል በቅጠል!

ሌላም አለ። ታስሞታ እንደ ተጻፈ የይለፍ ቃል የለውም፤ ካላበጃችሁለት ዋይፋያችንን የያዘ ሁሉ ያዝዘዋል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ስለሚወስድ፣ መብራትና ኢንተርኔት አብረው ከሄዱ ሲመለስ ሰዓቱን አያውቅም፤ ሰዓት የሚሰጠው ራውተር በግቢው ይኑር። መብራት በጥቂት ሴኮንድ ልዩነት ደጋግሞ ሲሄድ ሲመጣ ደግሞ ቅንብሩን ሁሉ ሰርዞ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ይችላል፤ ይህን ጠባዩን ሴትኦፕሽን 65 በሚባለው ትእዛዝ ማጥፋት ግዴታ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ሳይከፈት በዋይፋይ ይለወጣል» የምትሉትም የቆየ ወሬ ነው። ቱያ ኮንቨርት የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2019 ይሠራ ነበር፤ ኩባንያው ቀዳዳውን ስለ ደፈነ በአዳዲሶቹ ላይ አይሠራም። ብዙዎቹ አዳዲሶች ቺፓቸውም ተለውጧል፤ ቤከን በተባለ ኩባንያ ቺፕ ስለሚሠሩ ታስሞታን አይቀበሉም፤ ለእነሱ ኦፕንቤከን የሚባል ሌላ ፈርምዌር አለ። ይህን የሚያጣራ ሰው ከግዢው በፊት ነው የሚያስፈልገን፤ ከግዢው በኋላማ ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ ለጠቅላላው ስብሰባ የማቀርበው የሚከተለውን ነው።

1. ማኅበሩ ፈርምዌሩ ሊለወጥ መቻሉ በአንድ ናሙና ተከፍቶ ያልተረጋገጠ ሶኬት በብዛት አይግዛ።

2. መክፈቱ በየመኝታ ቤቱ ሳይሆን በአዳራሹ፣ በቀን፣ ከግቢያችን ኤሌክትሪሻኖች ቢያንስ አንዱ ባለበት ይሁን። ክዳኑ የተሰነጠቀ ወይም በደንብ ያልተዘጋ ሶኬት ግድግዳ ላይ አይመለስ።

3. የይለፍ ቃሎቹ በወረቀት ተጽፈው፣ በታሸገ ፖስታ በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጡ። ሥራውን የሠራው ወጣት ግቢውን ቢለቅ ቁልፉ ከኛ ጋር ይቅር።

4. በየሶኬቱ ላይ የሚችለው ዋት በአማርኛ ይጻፍ፤ «ምጣድ አይሰካም» የሚልም ይጨመርበት።

5. ለመማር የሚሹ ልጆች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በሥራው ጊዜ አጠገብ ሆነው ይመልከቱ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሙያ ለማኅበር አይበጅም።

ወገኖቼ! አባቶቻችን ራዲዮ ሲበላሽባቸው ከፍተው ያስጠገኑ፣ እናቶቻችንም ምጣዳቸው ሲቆረጥ ሽቦውን ያስቀጠሉ ናቸው። ያኔ «የታሸገ ነው፣ አትንኩ» ያላቸው አልነበረም። ዛሬ ከግድግዳችን ላይ የተሰካውን፣ ከመዋጮአችን የተገዛውን ዕቃ ክዳን ማንሣት እንደ ወንጀል ሊቆጠር አይገባም። «የከፈተ ይቀጣ» የሚለውን ሐሳብ በድምፃችን እንጣለው። «ያለ ሥርዓት የከፈተ ይቀጣ» የሚል ቢቀርብ ግን፣ ከሁሉ በፊት እጄን የማወጣው እኔ ነኝ።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ