«አልተረጋገጠም» ማለት «ሐሰተኛ ነው» ማለት አይደለም፦ የምስጠራ ሶፍትዌሮች አለመጣጣምና የተገልጋዩ መብት

የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜ ወይም የሺንሺቾ ነዋሪ የፋይዳ ቁጥሩን ይዞ ለባንክ ወይም ለግብር ጉዳይ በመስኮት ሲቀርብ፣ የሠራተኛው ስክሪን «ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በተገልጋዩ ላይ ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ሰው የትራንስፖርት ወጪውንና የሥራ ቀኑን አጥቶ ይመለሳል። ቤተሰቡ በደቡብ አፍሪካ የሚኖርና ሰነድ ከሩቅ የሚላላክ ሰው ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ይከብደዋል። ሆኖም ከእንዲህ ዓይነቱ መልስ በስተጀርባ የሁለት ተቋማት ሶፍትዌሮች አለመግባባት ብቻ ሊኖር ይችላል።

መረጃ ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው ሲሄድ ይመሰጠራል። ምስጠራውን የሚያከናውኑት ባለሙያዎች ላይብረሪ የሚሏቸው የተዘጋጁ የሶፍትዌር ክፍሎች ናቸው። ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር በህንድ ባንጋሎር የተጀመረ ሲሆን በአመዛኙ በጃቫ የተጻፈ ነው። ከእርሱ ጋር የሚገናኙ ተቋማት ግን በልዩ ልዩ ቋንቋዎችና ላይብረሪዎች ሊሠሩ ይችላሉ። በስም አንድ ዓይነት የሆነ የምስጠራ ዘዴም በሁለት ላይብረሪዎች ሁለት ዓይነት አፈጻጸም ሊኖረው ይችላል።

በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አር ኤስ ኤ በተባለው ዘዴ ቁልፍ ሲመሰጠር፣ ኦ ኤ ኢ ፒ የተባለው ማሸጊያ በውስጡ ሃሽ የሚባለውን ስሌት በሁለት ቦታ ይጠቀማል። የጃቫ መደበኛ ላይብረሪ «በሻ 256 ሥራ» ሲባል የመጀመሪያውን እንደታዘዘው ይሠራል፤ ሁለተኛውን ግን ተለይቶ ካልተነገረው በቀድሞው ሻ 1 ይተወዋል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል እና የማይክሮሶፍት ዶት ኔት ሁለቱንም በሻ 256 ይሠራሉ። ሁለቱም ወገኖች ትክክለኛ ቁልፍ ይዘዋል፤ መልእክቱ ግን አይከፈትም። ኤ ኢ ኤስ በሚባለው ምስጠራም ጂ ሲ ኤም በተሰኘው ስልት ጃቫ 16 ባይት የሆነውን የማረጋገጫ ምልክት ከመልእክቱ ጫፍ ጋር ሲያያይዘው፣ ኖድ ጄ ኤስ ለብቻው ይሰጣል።

የእድሜ ልዩነትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል 3 ደካማ ሆነው የተገኙ አሮጌ ዘዴዎችን በነባሪነት አይቀበልም። በመሆኑም በቀድሞ ዘዴ ታሽጎ የተቀመጠ የተቋም ቁልፍ፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም እንኳ ላይከፈት ይችላል። መፍትሔው ፋይሉን አንድ ጊዜ በአሮጌው ዘዴ ከፍቶ በአዲሱ ማሸግ ነው፤ አሮጌውን ዘዴ ለዘለቄታው ክፍት ማድረግ አይደለም።

በአማርኛ የተጻፈ ስም ሲታከልበት ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። «ሆሳዕና» የሚለው ቃል አራት ፊደል ነው፤ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ 12 ባይት፣ በዩ ቲ ኤፍ 16 ደግሞ 8 ባይት ይይዛል። ዲጂታል ፊርማ የሚያየው ባይቱን እንጂ ንባቡን አይደለም። አንዱ ተቋም በአንደኛው ፈርሞ ሌላው በሁለተኛው ቢያረጋግጥ ፊርማው ይወድቃል። ከተፈረመ በኋላ አንድ ሠራተኛ በቅንነት «ዕ»ን በ«እ» ቢተካም ውጤቱ ያው ነው፤ የከተማዋን ስም በሁለቱም ፊደል የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪ ያውቀዋል።

የማስተካከሉ ኃላፊነት የተቋማቱ ነው። በነባሪ አሠራር ሳይተማመኑ የሃሹን ዓይነት፣ የማሸጊያውን ስልትና የፊደል አጻጻፉን በውላቸው አንድ በአንድ ማስፈር አለባቸው፤ አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊትም መልሱ አስቀድሞ የታወቀ የሙከራ መልእክት ሊለዋወጡ ይገባል። ሥራው የጥቂት ሰዓታት ነው፤ ሲዘለል ግን ዋጋውን የሚከፍለው ወረፋ ላይ የቆመው ሰው ነው። «ለጊዜው ምስጠራውን እናንሳው» የሚለው አቋራጭ ከሁሉም የከፋ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚይዝ አካል የመረጃውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የሾለከ የይለፍ ቃል ይለወጣል፣ የሾለከ የጣት አሻራ ግን አይለወጥም።

ተገልጋዩ ራሱ ሊያስተካክለው የሚችለው አንድ ነገር የስልኩ ሰዓት ነው። ስልካቸውን በእጅ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች ከዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ሰዓት ይለያያሉ፤ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ደግሞ ስልካቸውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ ይመልሱታል። ያን ጊዜ ስልኩ የድረ ገጹን ሰርተፍኬት «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይዘጋዋል። ቀንና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ይበቃል፤ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ለብቻው በሚያሳይ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ፣ ለፋይዳ እንደገና መመዝገብ አይጠቅምም፤ ሥርዓቱ አንድን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመዘግብ ሁለተኛው ምዝገባ ውድቅ ይሆናል። በስልክዎ የሚደርስዎትን የማረጋገጫ ኮድ «እኔ ላስተካክልልዎ» ለሚል ሰው አይስጡ። ይልቁንም በስክሪኑ ላይ የታየው የስህተት መልእክት ከነቀኑና ከነሰዓቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የተቋሙ ባለሙያ ከማዕከሉ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ስህተቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሊለይ የሚችለው በዚያች ወረቀት ነው።