ካዝናው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ግን ማን ጋ ነው?

ባለፈው የክረምት እረፍት ቤት ስሄድ አክስቴ አዲስ ካዝና ገዝታ ጠበቀችኝ። የሰፈሩ ዕቁብ ገንዘብ ያዥ ናት። «ከእንግዲህ ፍራሽ ስር መደበቅ ቀረ፤ ይሄ በቁጥር ነው የሚከፈተው። ቁጥሩን ግን ለአንተም አልነግርህም፤ ሻጩ በጆሮዬ ነው የነገረኝ» አለችኝ ኮራ ብላ።

እኔም ከካዝናው ጋር የመጣውን ወረቀት አነበብኩ። «የፋብሪካው የሚስጥር ቁጥር 1-5-9 ነው፤ እንደገዙ ይቀይሩት» ይላል። ሦስቱን ቁጥሮች ነካሁ። ጢጥ አለና ተከፈተ። የአክስቴ ፊት ሲለዋወጥ ሳይ እኔም ደነገጥኩ። ውስጥ ያለው ብር እኮ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የሃያ ስምንት ሰው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ «ጥፋቱ የአክስትህ ነው» ትሉ ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። ግን የተማረውም ያው ነው። በ1940ዎቹ የአቶሚክ ቦምብ በተሠራበት በሎስ አላሞስ፣ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በፋብሪካ ቁጥር ብቻ ከአምስት ካዝና አንዱን ያህል ይከፍት እንደነበር በኋላ ጽፏል። የቦምብ ሚስጥር የሚጠብቁት ቁጥራቸውን ካልቀየሩ አክስቴን ምን ልበላት?

የባሰው ግን ቁጥሩን ብንቀይርም የማይቀረው ነው። አንድ ቁጥር ተደጋግሞ ሲነካ ቀለሙ ይለቃል። ባለ አራት አኃዝ ቁጥር 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የተነኩት አራቱ ከታወቁ ግን የሚቀረው 24 ሙከራ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዴፍ ኮን በተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደህንነት ጉባኤ ላይ ፕሎር በሚል ስም የቀረበ ተመራማሪ፣ ቁልፉ ቁጥሩን ከማስታወሻው ሲያነብ የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን ከውጭ በመለካት ብቻ ቁጥሩን ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። ብረቱ ሳይነካ፣ በሩ ሳይሰበር!

እኔን ያናደደኝ ግን የሚቀጥለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሴናተር ሮን ዋይደን በጻፉት ደብዳቤ፣ አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ቁልፎች ባለቤቱ የማያውቀው፣ አምራቹ የሚከፍትበት ቁጥር እንዳላቸው ገለጹ። የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ቁልፎች ለራሱ ሚስጥር መጠበቂያ አይቀበልም። ለሕዝቡ ግን አልተናገረም። በቃ፣ ለራስ መጠንቀቅ፣ ለሌላው ዝምታ! በዓመቱ በ2025 ጄምስ ሮውሊ እና ማርክ ኦሞ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው በዴፍ ኮን ሴኩራም የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸውን፣ በብዙ ካዝናዎች ላይ የተገጠሙ ቁልፎች እንዴት መክፈት እንደሚቻል አሳዩ።

«ይህን ማውራት ሌባን ማስተማር ነው» የሚል ጓደኛ አለኝ። እኔ አልስማማም። ሌባው ሥራው ነውና ከእኛ ቀድሞ ይማራል፤ ሳያውቅ የሚቀረው ገዢው ነው። በርግጥ የአከፋፈቱን ዝርዝር ደረጃ በደረጃ መጻፍ አያስፈልግም። «ይህ ዕቃ ይህ ድክመት አለበት፤ ይህን አድርጉ» ማለት ግን የጋዜጠኛ ሥራ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ «ሕዝብ የማወቅ መብት አለው» እያልን ፈተና እንጽፋለን፤ ያ መብት ከምርጫና ከበጀት ዘገባ አልፎ ሱቅ የተገዛ ካዝና ድረስ መውረድ አለበት።

አክስቴ ቁጥሯን የዚያኑ ዕለት ቀየረች። ትንሹን ካዝና ተሸክሞ መሄድም ስለሚቻል ከግድግዳው ጋር አሳሰረችው፤ ብዙውን ብር ደግሞ ባንክ ማስገባት ጀመረች። እናንተም ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ እንዲህ ያለ ካዝና ካለ ዛሬውኑ እዩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።